ስለ ቤት ክዳንና ስለ ነፋስ መንገድ

የቤት ክዳን ዝናምንና ፀሐይን ለመከልከል ብቻ የሚሠራ መስሎ የሚታየን ብዙዎች ነን። ነገር ግን ክዳን የነፋስም መንገድ መሆኑን ወደ ደጋው አገር በወጣን ጊዜ ለማስተዋል ቻልን።

ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ያህል ከፍ ብላ በጉና ተራራ አንጻር ያለች፥ ዐፄ ቴዎድሮስም መናገሻቸው አድርገዋት የነበረች ከተማ ናት። ከአጠገቧም በ1859 ዓ.ም. ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ የተሠራበት ጋፋት ይገኛል። በዚያ ናስ ያቀለጠው እሳት እንኳ አየር ሳያገኝ አይነድም ነበር፤ የቤት ምድጃም እንዲሁ የአየር መግቢያና የጭስ መውጫ ይሻል።

የቀድሞው ቤት ክብ ሆኖ ክዳኑ ሾጣጣ ነው። ትኩስ አየር ቀላል ስለ ሆነ ወደ ጉልላቱ ይወጣል፤ ጭሱም በሣሩ መካከል ቀስ እያለ ይሾልካል። ቆርቆሮ በመጣ ጊዜ ፍሳሹ ቀረ፥ የእሳትም ስጋት ቀነሰ፤ ዳሩ ግን ጭሱ መውጫ አጣ።

ከአንድ ቤት ገብተን ሳለ ዓይናቸው ቀልቶ እንባ ያቀረሩትን ባልቴት፥ «እመይቴ፥ ቆርቆሮው ከሣሩ አይሻልምን?» ብለን ጠየቅናቸው። እርሳቸውም፥ «ልጆቼ፥ ዝናሙንስ አስቀርቶልናል፤ ጭሱን ግን ከእኛ ጋር ዘግቶ አስቀመጠው» ሲሉ መለሱልን።

ይህ ነገር የዓይን ማቃጠል ብቻ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ ገመተው፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2020 ዓመት ከቤት ውስጥ ጭስ የተነሣ 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ሞተዋል፤ ከነዚህም ከ237,000 የሚበልጡት 5 ዓመት ያልሞላቸው ሕፃናት ናቸው።

መድኃኒቱ ከዚያው ከነፋሱ ይገኛል። ነፋስ በመጣበት ወገን ቤቱን ይገፋል፤ የጣራውን አናት ተሻግሮ በሚያልፍበት ወገን ግን አየርን ወደ ውጭ ይስባል። ስለዚህ በቆርቆሮው አናት ላይ በርዝመቱ ክፍተት ትቶ፥ ከክፍተቱ በላይ ጥቂት ከፍ ያለ፥ ዝናም እንዳያስገባ በሁለቱም ወገን ሰፋ ብሎ የወጣ ትንሽ ክዳን መደረብ ነው። ከግድግዳውም ዝቅ ያለ መስኮት ያስፈልጋል፤ አዲስ አየር ካልገባ የቆየው አይወጣምና። በፋርስ አገር በያዝድ ከተማ ያሉት ባድጊር የተባሉ የነፋስ ግንቦችም በዚሁ በነፋስ መግፋትና መሳብ ቤትን ያቀዘቅዛሉ።

ለሌሊት ብርድ መዝጊያ ቢበጅለት መልካም ነው። ነገር ግን ፍም ወይም ከሰል ሳለ ፈጽሞ አይዘጋ፤ ሽታ የሌለው የከሰል መርዝ የተኛውን ሰው ሳያነቃ ይገድላልና።

እንግዲህ ቤት የሚያሠራ ሁሉ ስለ እንግዳ መቀበያው ጌጥ ከማሰቡ አስቀድሞ የማድ ቤቱን አናት ይመልከት። ለቤተ ሰቡ አስቦ ቆርቆሮ የገዛ ሰው የነፋስን መንገድ ቢጨምርበት፥ ያን ጊዜ ደግነቱ ፍጹም ይሆናል።