በጭቃ ላይ የብስክሌት ሽቅድድም

ሳይክሎክሮስ በመስክ፣ በጭቃና በዳገት ላይ አጭር ዙር እየተደጋገመ የሚካሄድ የብስክሌት ውድድር ነው። የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮና በ1950 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ላይ ተደርጓል። ጎማው ሲሰምጥ ብስክሌተኛው ይወርድና ብስክሌቱን ተሸክሞ ይሮጣል። ጓደኛማቾች ሲወዳደሩ ትልቁ ደስታ እዚህ ላይ ነው፤ ፈጣኑም ዘገምተኛውም እኩል ይጨቀያሉ፣ ተመልካቹም ሁሉንም በስም እየጠራ ያበረታታል።

በኢትዮጵያም ለእንዲህ ዓይነት ሽቅድድም የሚሆን ቦታ አለ፤ ብቸናና ሞጣ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የሚገኙ የምሥራቅ ጎጃም ከተሞች ናቸው። በተለይ የብቸና ዙሪያ ዋልካ ለዚህ ጨዋታ የተመቸ ነው፦ በበጋ ይሰነጣጠቃል፣ በክረምት ያብጥና እንደ ሊጥ ይጣበቃል። ሐምሌ ላይ ማሳው ጤፍ ስለሚዘራበት ግን መሽቀዳደሚያው የግጦሽ መስክ መሆን አለበት። ከውድድር በኋላ ጭቃው ሳይደርቅ ከጎማውና ከሰንሰለቱ መታጠብ ይኖርበታል፤ ሰንሰለቱም ደርቆ ዘይት ይቀባል።