የቡቺ ተራ

ቡቺ የሞተችው ማክሰኞ ሌሊት ነው። ጠዋት ከሰፈሩ ዘበኛ ጋር ዶማና አካፋ ይዘን ከግቢው ጀርባ፣ ባሕር ዛፉ ሥር መቆፈር ጀመርን። ጉድጓዱ ጉልበቴ ድረስ ሲሆን እኔ በቃ ብዬ ነበር። እሱ ቀና ብሎም አላየኝ። «እንጦጦ እኮ ነው፤ ማታ መጥቶ ያወጣታል» አለና ቀጠለ። ማን መጥቶ እንደሆነ አልተናገረም፤ እዚህ ተራራ ላይ አንድ ሌሊት ያደረ ሰው አይጠይቅም። ወገቡ ድረስ ገብቶ ቆፈረ። ሲሞላው፣ መጀመሪያ አፈር፣ ከዚያ ድንጋይ፣ ከዚያ እንደገና አፈር። ከላይ እሾህ ቆርጦ ደለደለበት። ዐሥራ ሁለት ዓመት አብራኝ የኖረች ውሻ እንዲህ ተጠብቃ ስትተኛ የመጀመሪያዋ ነው፤ እስከዚያ ጠባቂዋ እሷ ነበረች።

*

አማርኛችን በሞት ላይ ስስታም አይደለም። ሰው ያርፋል፣ ይለያል፣ ያሸልባል። ውሻ ግን ሞተ ነው፣ አለቀ። ትንሽ ከቆየ ደግሞ ጥንብ። መሥሪያ ቤት ደውዬ «ሐዘን ገጥሞኝ ነው» ልል ስል አፌ ተያዘ። «አሞኛል» አልኩ። መዋሸቱ አላሳፈረኝም፤ ያሳፈረኝ እውነቱ ነው።

*

የእድራችን መተዳደሪያ ደንብ ማን ሲሞት ስንት እንደሚከፈል አንድ በአንድ ዘርዝሯል። ለጸሐፊው እንደ ቀልድ አድርጌ «ለውሻስ?» ብለው ሳቀ። «ወንድሜ፣ አማት እንኳን የገባችው በስንት ክርክር ነው!»

*

ቡቺን ጎረቤቴ እማማ አይወዷትም ነበር። ነጠላዬን ነካችብኝ ብለው ሁለት ቀን አኩርፈውኛል። ሐሙስ ከሰዓት ጀበናቸውን አንጠልጥለው መጡ። «ብቻዬን ከሰል ከምፈጅ አብረን እንጠጣ ብዬ ነው» አሉ። ስለ ስኳር መወደድ አወራን፤ ስለ ቡቺ አንድ ቃል አልተነፈሱም። በረካው አልቆ ሊወጡ ሲሉ በሩ ላይ ቆም አሉ። «ከማታ ጸሎት ስመለስ እስከ ደጄ ትሸኘኝ ነበር» ብለው ነጠላቸውን አጣፍተው ሄዱ። ሐሙስ ሦስተኛው ቀን መሆኑን የቆጠርኩት ኋላ ነው።

*

ውሻ መውደድ በአደባባይ ሲያሳፍረን ሳይ መስከረም 1 ቀን 1967 ትዝ ይለኛል። ጃንሆይ ከዙፋን ሊወርዱ አንድ ቀን ሲቀራቸው፣ ቴሌቪዥኑ እንግሊዛዊው ጆናታን ዲምብልቢ ስለ ወሎ ረሃብ የሠራውን ፊልም አሳየ። በመሐል በመሐሉ የቤተ መንግሥት ግብዣ፣ ጃንሆይም ለውሾቻቸው ሥጋ ሲሰጡ የሚያሳይ ምስል ተሰክቶበታል። በማግስቱ በቮልስዋገን ተወሰዱ። ሉሉ ስለሚባለው ቺዋዋ ውሻቸው የተወራውማ ብዙ ነው። የፖላንዱ ጋዜጠኛ ካፑሽቺንስኪ፣ ሉሉ የመኳንንቱ ጫማ ላይ ሲሸና የሚጠርግ አሽከር ነበር ብሎ ጽፏል፤ ቤተ መንግሥቱን የሚያውቁ ሰዎች ግን ፈጠራ ነው ብለውታል። ረሃቡ እውነት ነበር። በእሱ መጠየቅ የነበረበት ግን ውሻ አይደለም። ሆኖም ከዚያ ወዲህ ስለ ውሻ ባወራን ቁጥር «ሰው በሚራብበት አገር» የምትል ነገር ከኋላ ከኋላ ትከተለናለች።

*

ደግሞ ውሻ መፍራታችን ያለ ምክንያት ነው አልልም። ከእኛ ቁልቁል፣ እዚያው ጉለሌ ውስጥ፣ ፓስተር የሚባለው ሰፈር አለ፤ ስሙን ያወረሰው የፓስተር ኢንስቲትዩት ነው። ውሻ የነከሰው ሰው ሁሉ የሚሮጠው ወደዚያ ነበር። ክትባቱ ከበግ አንጎል የሚሠራ፣ ሆድ ላይ በየቀኑ የሚወጋ ነበር። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ መዳን የለም ማለት ይቻላል። ያንን መርፌ በልጅነቱ የተወጋ ሰው ውሻ ሲያይ መንገድ ቢያቋርጥ አልፈርድበትም። እኔም ቡቺን በየዓመቱ ሳስከትብ ካሳ የምከፍል ይመስለኝ ነበር።

*

ውሻ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ከገባ በድንጋይ ይባረራል። መጽሐፈ ጦቢት ላይ ግን ጦብያ ከመልአኩ ሩፋኤል ጋር መንገድ ሲወጣ ውሻው ተከትሎት ይሄዳል። በቁርኣኑ ሱረቱል ከህፍም ውስጥ ዋሻ ደጃፍ ላይ እግሮቹን ዘርግቶ የተኛ ውሻ አለ። ሁለቱም ስማቸው አልተጠቀሰም።

*

እኛ ጋ ጅቡ መጮኽ የሚጀምረው ከላይ፣ ከኪዳነ ምሕረት በኩል ነው። ውሾቹ ተራ አላቸው። መጀመሪያ የጡረተኛው ሻለቃ ውሻ ይነሣል፣ ቀጥሎ የሻይ ቤቱ፣ ከዚያ ቡቺ፣ ከዚያ ከእኛ በታች ያሉት ጩኸቱን እየተቀባበሉ እስከ ሽሮ ሜዳ ያወርዱታል። ሰሞኑን የሻይ ቤቱ ውሻ ይጮኽና ዝም ይላል። የታችኞቹ አይቀበሉትም። ያቺን ዝምታ አልጋዬ ላይ ሆኜ እጠብቃታለሁ።

ትናንት ሌሊት ግን ያቺ ዝምታ ልክ ስትደርስ ከአጥሩ ውጭ የዘበኛው ድምፅ ተሰማ። «ሃይ! ሃይ!» አለ፤ ዱላውን በቆርቆሮው ላይ ሁለቴ መታ። ወዲያው ከታች ያሉት ተቀበሉት።