63ቱ እጆች

መስከረም 24 ቀን 2014 ዓ.ም. አራት ኪሎ በሚገኘው ባለ ሰዓቱ ሕንፃ አዳዲስ የሕዝብ ተወካዮች ቃለ መሐላ ፈጸሙ። የእነዚህን ሰዎች የመጀመሪያ ዓመት ሳስብ ከንግግራቸው ይልቅ እጃቸው ይታየኛል። በምክር ቤታችን አብዛኛው አባል ሳይናገር ይውላል፤ እጁን ግን ሁሉም ያነሳል። አፈ ጉባኤው «የምትደግፉ?»፣ «የምትቃወሙ?»፣ «ድምፀ ተአቅቦ?» ሲሉ የሚነሳው እጅ ሕግ ይሆናል። ሰው ይታሰርበታል፣ ይፈታበታል፣ ግብር ይከፍልበታል።

ለመልመድ ያገኙት ጊዜ አንድ ወር ገደማ ብቻ ነበር። ጥቅምት 25 ቀን፣ በሰሜኑ የአገራችን ክፍል ጦርነቱ በተፋፋመበት ሰሞን፣ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ቀረበላቸውና አጸደቁት። ያለ ፍርድ ቤት ትዕዛዝ ሰው መያዝን የሚፈቅድ አዋጅ ነበር። በየትኛው ቋሚ ኮሚቴ እንደሚሠራ እንኳ በቅጡ ያልለመደ ተመራጭ ስለ ሌላው ሰው ነፃነት እንዲወስን ተጠየቀ። እኔ በዚያ አዳራሽ ብሆን ምን አደርግ ነበር ብዬ ራሴን ደጋግሜ ጠይቄአለሁ። አገር ትፈርሳለች በሚባልበት ሰዓት ቆም ብሎ ማሰብ ራሱ ድፍረት ይጠይቃል።

ከዚያ ወዲያ ረቂቅ እየመጣ ለቋሚ ኮሚቴ ተመራ፤ ታኅሣሥ 20 የአገራዊ ምክክር ኮሚሽን ማቋቋሚያ አዋጅ ጸደቀ። ተወካዩ ወደ መረጠው ሕዝብ ሲወርድ የሚጠብቀው ጥያቄ ግን ሌላ ነው፦ መንገድ፣ ውሃ፣ መብራት። በዚያ ዓመት ደግሞ የማዳበሪያ ዋጋ ገበሬውን አስጨንቆት ነበር። ተወካይ መንገድ አይሠራም፤ ግሬደርም ካዝናም የለውም። ያለው ሚኒስትሩን የመጠየቅ፣ በጀቱን የመመርመርና እጁን የማንሳት ሥልጣን ነው። ይህን ለመራጩ ፊት ለፊት መንገር ለአዲስ ተመራጭ ከሁሉ የከበደ ፈተና ይመስለኛል። ቃል ገብቶ መመለስ ይቀላል፤ የማይሠራውን መንገድ ቃል የገባ ተወካይ ግን ሕዝቡን ሁለት ጊዜ ይበድለዋል።

የካቲት 8 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ስድስት ወሩን ሳይጨርስ እንዲነሳ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ያሳለፈው ውሳኔ ለምክር ቤቱ ቀረበ። 312 አባላት በተገኙበት 63ቱ ተቃወሙ፤ 21ዱ ድምፀ ተአቅቦ አደረጉ። በዚያ ምክር ቤት የተቃዋሚ ፓርቲዎችና የግል ተመራጮች ተደምረው ሃያ አይሞሉም ነበር። እንግዲህ ከ63ቱ አብዛኞቹ የራሳቸው ፓርቲ የመሠረተው መንግሥት ባቀረበው ሐሳብ ላይ እጃቸውን ያነሱ ሰዎች መሆን አለባቸው።

እኔ አዋጁ በመነሳቱ ደስ ካላቸው ወገን ነኝ፤ በዚያ ቀን ድምፅ ብሰጥ ከ63ቱ ጋር አልቆምም ነበር። ሆኖም አከብራቸዋለሁ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 54 ተወካይ የሚገዛው ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናው እንደሆነ ይናገራል፤ ፓርቲ እዚያ ውስጥ አልተጠቀሰም። በሰጠው ድምፅ እንዳይከሰስም ያው አንቀጽ ይጠብቀዋል። በመጀመሪያ ዓመቱ፣ የፓርቲው ባልንጀሮች በግራ በቀኝ ተቀምጠው እያዩት፣ «እኔ አልስማማም» ብሎ እጁን ያነሳ አባል ይህን አንቀጽ ከወረቀት አውርዶ ሠርቶበታል።

የሚያሳዝነኝ ዜናው ቁጥሩን ነግሮን ማለፉ ነው። የእኔ ተወካይ ከ63ቱ አንዱ ይሁን፣ ከ21ዱ፣ ወይስ ያን ቀን ጭራሽ አልመጣ ይሆን? ያን ማወቅ መብቴ ነው። ሰኔ 30 ቀን የ2015 በጀት፣ 786.6 ቢሊዮን ብር፣ በእነዚያው እጆች ጸደቀ። ከዚህ ውስጥ የወረዳዬ ድርሻ ሲታይ ተወካዬ ጠይቆ ይሁን ዝም ብሎ እጁን ያነሳው፣ እኔ የማውቅበት መንገድ አልነበረኝም።

ስለዚህ ቢያንስ በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅና በበጀት ላይ ድምፅ የሚሰጠው ስም እየተጠራ ይሁን፤ ዝርዝሩም በየወረዳው ማስታወቂያ ሰሌዳ ይለጠፍ። ያኔ ተወካዩ በእረፍቱ ወር ከመራጮቹ ፊት ሲቀመጥ፣ የመንገዱና የውሃው ነገር ካለቀ በኋላ፣ «ልጄ፣ የካቲት 8 ያነሳኸውን እጅ ምክንያቱን ንገረን» የሚሉ ሽማግሌ ይነሱለታል።