ከባሕር በር እስከ ቤት ደጅ፤ አዲስ አውቶሞቢል የሚመጣበት መንገድ

ቀድሞ ለቤተ ሰብ የሚሆን በቅሎ ሲፈለግ ገዢው ገበያ ወጥቶ፥ ጥርሷን አይቶ፥ አካሄዷን ፈትኖ፥ ሻጩንም ዋስ አስጠርቶ ያንኑ ዕለት እየሳበ ወደ ቤቱ ይገባ ነበር። የዛሬው አውቶሞቢል ግን ሳይታይ የሚመረጥ፥ ሳይደርስ የሚከፈልበት፥ ውቅያኖስና በረሓ አቋርጦ የሚመጣ ዕቃ ነው። ስለዚህ አዲስ አውቶሞቢል ያዘዘ ሰው የገዛው መኪናውን ብቻ አይደለም፤ መንገዱንም ጭምር ነው። መንገዱን ያላወቀ ሰው በከንቱ ይቈጣል፥ ያወቀ ግን ስለ ምን እንደሚጠብቅና መቼ መጠየቅ እንደሚገባው ያስተውላል።

በዚህ መንገድ መጠባበቅ ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። በ1900 ዓ.ም. ቤንትሌይ የሚባል እንግሊዛዊ ከጅቡቲ ተነሥቶ ለዳግማዊ አፄ ምኒልክ አውቶሞቢል ሲያመጣ፥ ምድር ባቡሩ ገና ከድሬዳዋ አላለፈም ነበር፤ ለመንኰራኵር የተጠረገ መንገድም ስላልነበረ ጉዞው ብዙ ድካም ጠየቀ። ሐዲዱ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነው። ኋላም የአሰብ ወደብ ከጅቡቲ ጋራ ሸክሙን ሲካፈል ኖረ። ነገር ግን በ1985 ዓ.ም. ኤርትራ ራሷን የቻለች አገር ሆነች፤ በ1990 ዓ.ም. ጦርነት ሲነሣም የአሰብ መንገድ ተዘጋ። ከዚያ ወዲህ ከባሕር ማዶ የሚገባው ዕቃ አብዛኛው በጅቡቲ በር የሚያልፍ ሆነ።

በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መንግሥት ከለከለ። በዚህም ምክንያት አዲስ መኪና የፈለገ ሰው ሁሉ ፊቱን ወደ ኤሌክትሪክ መኪና መለሰ፤ ከዚህም የሚበዛው በቻይና የሚሠራ ነው።

የኛም ቤት ሚያዝያ 25 ቀን 2016 ዓ.ም. ከነዚሁ መኪኖች አንዱን አዘዘ። ያዘዝነው ለመታየት አልነበረም። አባቴ በኵላሊት ሕመም ምክንያት ደማቸውን ለማስጣራት በሳምንት ሦስት ቀን ወደ ሐኪም ቤት ይመላለሳሉ፤ አሮጌው መኪናችን ግን በየመንገዱ የሚቆም ሆኖ ነበር። ሻጩ በ90 ቀን አስረክባለሁ ብሎ የዋጋውን እኩሌታ ሊቀበል ሲል፥ ባለቤቴ ገንዘቡ ከመቈጠሩ በፊት ሁለት ነገር በውሉ እንዲጻፍ ጠየቀች። አንደኛው ዋጋው እስከ ርክክቡ ቀን እንዳይለወጥ፥ ሁለተኛው ቀኑ ቢያልፍ ገዢው ገንዘቡን የመቀበል መብት እንዲኖረው ነው። ሻጩ ጥቂት አመንትቶ ፈረመ።

ቀጠሮው ሊሞላ ሦስት ቀን ሲቀረው፥ ሐምሌ 22 ቀን፥ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። 57 ብር ያህል የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ሻጩም ጠርቶ ጭማሪ ጠየቀን። ውሉን አውጥተን ብናነብለት ዝም አለ፤ መኪናው ግን አልመጣም። ገንዘባችንን እንቀበል ብንል በዚያው ገንዘብ ሌላ መኪና የማይገኝ ሆኗል። እንጠብቅ ብንል አባታችን በክረምት ዝናም ከሕክምና ደክመው ሲወጡ ሁለት ሰው ደግፏቸው ታክሲ ይጠብቃሉ። ይህ ክርክር በየማታው ከራት ጋራ ይቀርብ ነበር።

በመስከረም 2017 ዓ.ም. ለሥራ ጉዳይ ወደ ሰመራ ታዘዝሁ፤ ከዚያም እስከ ጋላፊ ጠረፍ ወረድሁ። ስለዚህ የተጠበቀው መኪና የሚመጣበትን መንገድ ለማየት ዕድል አገኘሁ።

ከቻይና ወደብ የተነሣ መርከብ የሕንድን ውቅያኖስ አቋርጦ በኤደን ባሕረ ሰላጤ በኩል ጅቡቲ ይገባል። ጅቡቲ ከባብ ኤል መንደብ መተላለፊያ በስተ ደቡብ ስለ ሆነች ከምሥራቅ ለሚመጣው መርከብ ያንን ጠባብ በር ማለፍ አያስፈልገውም። ይሁን እንጂ ከኅዳር 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በቀይ ባሕር በመርከቦች ላይ አደጋ ሲጣል፥ ብዙዎች አፍሪቃን በደቡብ ጫፍ ዞረው መሄድ ጀመሩ። በዚህም የመርከቡ ተራና የኢንሹራንሱ ዋጋ በዙሪያው ላሉት ወደቦች ሁሉ ተናጋ። ከወደቡም የጭነት መኪናው በዲኪል በኩል ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ተጕዞ ጋላፊ ይደርሳል።

ጋላፊ ዛፍ የማይበዛባት፥ ጥቁር ድንጋይ የተነጠፈባት የጠረፍ ቦታ ናት። በዚያ የቆሙት የጭነት መኪኖች ሰልፍ ከዓይን ይርቃል። ሾፌሮቹ ከመኪናቸው ሥር ምንጣፍ አንጥፈው፥ በትንሽ ምድጃ ሻይ አፍልተው ተራቸውን ይጠብቃሉ። በአንዱ ተሳቢ ላይ ነጭ ሽፋን የለበሱ አዳዲስ አውቶሞቢሎች አየሁና ሾፌሩን ስለ ምን እንደሚዘገዩ ጠየቅሁት። እርሱም ከኮምቦልቻ የመጣ፥ ጠጕሩ የሸበተ ሰው ነበር። «ጋሼ፥ መኪና አይዘገይም፤ የሚዘገየው ወረቀት ነው። እኔ ከዚህ ተነሥቼ ሞጆ ለመግባት ሁለት ሦስት ቀን ይበቃኛል። ወረቀቱ ግን እግር የለውም» አለኝ። የዚህ ሰው ቃል እውነት መሆኑን ኋላ በራሳችን ደረሰ።

ከጋላፊ ወደ ላይ መንገዱ በሰርዶ አልፎ ሰመራ፥ ከዚያም የጉምሩክ ኬላ ወዳለባት ሚሌ ይደርሳል። ከሚሌ እስከ አዋሽ ያለው አገር የአፋር አርብቶ አደሮች ምድር ነው። ግመልና ፍየል መንገዱን ሲያቋርጥ የጭነቱ ሰልፍ ሁሉ ይቆማል፤ መቆሙም ተገቢ ነው፥ ከብቱ የባለቤቱ ሀብትና ምግብ ነውና። በገዋኔ በኩል የአየሉ ተራራ ብቻውን ቆሞ ይታያል፤ ከሥሩም ፕሮሶፒስ የሚባለው እሾሃም ዛፍ የግጦሹን ሜዳ ወርሶ መንገዱን ከግራና ከቀኝ አጥሮታል። ቀን ሙቀቱ ጐማ ስለሚጐዳ ብዙ ሾፌሮች ሌሊት መንዳት ይመርጣሉ።

አዋሽ ሰባት ኪሎ ሲደርሱ የደጋ ነፋስ ሽታ ይጀምራል። የድሮው ምድር ባቡር ጣቢያና የመንገደኛ ማረፊያው ቡፌ በዚያ ይገኛሉ። ከዚያ ወዲያ መተሐራ አጠገብ የበሰቃ ሐይቅ እየሰፋ ስለ መጣ መንገዱንና ሐዲዱን ከፍ ማድረግ ግድ ሆኗል። እኔም ካለፍሁ በኋላ፥ በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም.፥ በፈንታሌና በዶፈን አካባቢ ምድር ደጋግማ ተናውጣ መሬቱ ተሰነጣጠቀ፤ ብዙ ሕዝብም ከቤቱ ተነሣ። በ2009 ዓ.ም. ተመርቆ በ2010 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው፥ 750 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝመው የኤሌክትሪክ ምድር ባቡር ሸክሙን ቢያቃልልም፥ የጭነት መኪናው ሰልፍ አልቀረም።

ሞጆ ባሕር የሌለው ወደብ ናት። ከአዲስ አበባ 70 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፥ ኮንቴይነር በኮንቴይነር ላይ ተደርቦ እንደ ከተማ ግንብ ይታያል። ዕቃው በዚህ ይፈተሻል፥ ቀረጡ ይተመናል፥ ወረቀቱ ከዕቃው ጋራ ይመሳከራል። የኛም መኪና በዚህ ደርሳ ከአምስት ሳምንት በላይ ቆመች። ምክንያቱም በሻሲዋ ላይ ከተቀረጹት 17 ፊደላትና ቍጥሮች አንዱን የላኪው ጸሓፊ በሰነዱ ላይ ስቶ ስለ ጻፈው ነው። ስሕተቱ ወደ ቻይና ተመልሶ እስኪታረም አባቴ 15 ጊዜ ያህል በታክሲ ወደ ሐኪም ቤት ተመላለሱ። ስለዚህ ያዘዘ ሰው የሰነዱን ቅጂ መርከቡ ሳይነሣ አስልኮ ፊደል በፊደል ቢያመሳክር፥ ከብዙ ቍጣ አንድ ሰዓት ንባብ ይሻለዋል።

መኪናዋ በኅዳር 2017 ዓ.ም.፥ ከታዘዘች በሰባተኛው ወር፥ ደጃችን ገባች። ልጆቹ በእልልታ ተቀበሏት። ከመሪው አጠገብ ያለው ሰፊ መስተዋት ግን የሚናገረውም የሚጽፈውም በቻይንኛ ነበር። በሩ በተከፈተ ቍጥር አንዲት ሴት በትሕትና ሰላምታ ታቀርባለች፤ ታናሿ ልጄም «ኒ ሃው» እያለች ትመልስላት ጀመር። ለልጆች ጨዋታ የሆነው ነገር ለነጂው ግን ሥጋት ነው፤ የአደጋ ምልክት ሲበራ የማይነበብ ከሆነ ምልክቱ ምን ይጠቅማል? ስለዚህ ቋንቋው የሚለወጥ መሆኑን፥ የኤሌክትሪክ መሙያው ሶኬትም በከተማው ካሉት መሙያ ጣቢያዎች ጋራ የሚስማማ መሆኑን ከማዘዝ በፊት መጠየቅ ያስፈልጋል። የቻይናው ሶኬት ከአውሮፓው የተለየ ነውና።

ከጌጡ ሁሉ ይልቅ የሚጠቅመውን ኑሮ ለየልን። የመስተዋቱ ጣሪያ በበጋ ፀሓይ ጋረጃ አስፈለገው። የሚሞቀው ወንበር ግን ለአባቴ በኅዳር ጧት ትልቅ ዕረፍት ሆነ። ባትሪው ከወለሉ ሥር ስለ ሆነ በሠፈራችን ጕድጓዳም መንገድ በዝግታ መሄድ ግድ ነው። ትርፍ ጐማም አብሮ አልመጣም፤ ለብቻው ገዛን።

60 ኪሎዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ በተራው የቤት ሶኬት፥ በ10 አምፔር፥ ከባዶ ተነሥቶ እስኪሞላ ከአንድ ቀንና ሌሊት በላይ ይፈጃል፤ በ32 አምፔር መስመር ግን ከዘጠኝ እስከ ዐሥር ሰዓት ይበቃዋል። ስለዚህ የቤቱ ቈጣሪና ሽቦ መኪናው ሳይመጣ በባለሙያ መታየት አለበት። መብራት ሊጠፋ ይችላልና የሐኪም ቀጠሮ ያለው ቤት ባትሪውን ከሲሶ በታች እንዳያወርድ ይሁን።

የአገራችን ተራራም የራሱ ጠባይ አለው። የቤንዚን ሞተር በደጋ አየሩ ሲሳሳ ኀይሉ ይቀንሳል፤ የኤሌክትሪክ ሞተር ግን አየር አይተነፍስምና በእንጦጦ ዳገት አይደክምም። ቍልቍለት ሲወርድ ደግሞ ፍሬኑ ለባትሪው ኀይል ይመልሳል። ወደ አዳማ የሚወርድ ሰው ግን መመለሻው 700 ሜትር ያህል ዳገት መሆኑን አይርሳ፤ በሄደበት ኀይል መጠን ብቻ ቢያስቀር መንገድ ላይ ይቀራል።

አባቴ የመኪናዋን ድምፅ አልባነት አይወዱትም። «በቅሎ እንኳ ስትመጣ ኮቴዋ ይሰማል፤ ይህች ግን እንደ ሌባ ትገባለች» ይላሉ። ቃላቸው ቀልድ ቢመስልም ቁም ነገር አለበት፤ ግቢ ውስጥ የሚጫወቱ ልጆች መምጣቷን ስለማይሰሙ፥ በር ሲከፈት አንድ ሰው ቀድሞ እንዲወጣ በቤታችን ሥርዓት አድርገናል።

እንግዲህ አዲስ አውቶሞቢል ለማዘዝ ያሰበ የቤት አባወራ ወይም እመቤት፥ ሻጩ ሦስት ወር ቢል ለስድስትና ለሰባት ወር ይሰናዳ። አሮጌውን መኪና አዲሱ ሳይገባ አይሽጥ፤ የታመመ ሰው ካለበትም የመመላለሻውን ወጪ አስቀድሞ ይቍጠር። ዋጋውንና ቀኑን በውል ያሳስር፤ ሰነዱን ያንብብ። ባሕሩን ማሳጠር፥ በረሓውን ማቀዝቀዝ ከአንድ ቤት አቅም በላይ ነው። በወረቀት ላይ ያለውን ግን ብዕር ይዞ መጠበቅ ይቻላል፤ «የቸኰለ አፍሶ ለቀመ» የተባለውም ለዚህ ነው።