የገነተ ልዑል ዛፎች ከየት መጡ?

ስድስት ኪሎ የሚገኘውን የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ሊያይ የመጣ ሰው ትኬቱን ቆርጦ በቀጥታ ወደ ውስጥ ይዘልቃል። የንጉሡን መኝታ ቤት ያያል፤ መታጠቢያ ቤቱ ዘንድ ሲደርስ ትንሽ ይቆማል (ንጉሥም ይታጠባል ለካ!)፤ ቀጥሎ ከቅዱሳት ሥዕላቱ ፊት ይገኛል። ግቢውን የሚያስታውሰው ፎቶ ሲያምረው ነው፤ ያን ጊዜም የሚቆመው ጣሊያኖች ፋሽስት በሥልጣን ላይ ለቆየበት ለእያንዳንዱ ዓመት አንድ እርከን ቆጥረው ከሠሩት፣ የትም ከማያደርሰው ደረጃ አጠገብ ነው። ከ1953ቱ የታኅሣሥ ግርግር በኋላ ለዩኒቨርሲቲ የተሰጠው ይህ የቀድሞ ቤተ መንግሥት ስሙ ገነተ ልዑል ነው። ገነት ደግሞ በግእዝ የአትክልት ቦታ ማለት ነው። ስሙ የተነሣው ከአትክልቱ ሆኖ ሳለ ጎብኚው ከጣሪያው ይጀምራል። የአትክልቱን ዘር ለቆጠረ ደግሞ መንገዱ ከስድስት ኪሎ ወጥቶ ወደ ሱሉልታ፣ ቡራዩና ሰበታ ያመራል።

«ይህ ዓይነቱ ግቢ ከአውሮፓ የተቀዳ ነው» የሚል አይጠፋም። የተከረከመው ሣርና ፏፏቴው በእርግጥ የውጭ ናቸው። ቤትን በዛፍ መክበብን ግን ማንም አላስተማረንም፤ ቤተ ክርስቲያን አጸድ ብላ ስትጠብቀው ኖራለች። ማስረጃው ከሱሉልታ ወዲህ ያለው እንጦጦ ነው። ምኒልክ እዚያ በከተሙ ጊዜ ሠራዊቱና ቤተ መንግሥቱ ለማገዶና ለግንባታ ጫካውን ጨረሱት። ከአገር በቀሉ ዛፍ አርጅቶ የቆየው በአብዛኛው በአጸዱ ውስጥ ያለው ነበር፤ መጥረቢያ ይዞ መግባት ነውር ነበርና። በ1879 ዓ.ም. ወደ ፍልውሃ ተወርዶ አዲስ አበባ ስትቆረቆርም እንጨቱ አልበቃም፤ ቡራዩን አልፎ በሚወስደው መንገድ አዲስ ዓለም ላይ ሌላ ዋና ከተማ እስከማሰብ ተደረሰ። ከተማዋን ከመሰደድ ያዳናት በ1880ዎቹ ማብቂያ ገደማ የገባው ባሕር ዛፍ ነው። ስሙ ራሱ ከባሕር ማዶ መምጣቱን እየተናገረ አገሬው ከጥንት የነበረ ያህል ለመደው። እናቶች ቅጠሉን ከቁመታቸው በሚረዝም ሸክም አዝለው፣ ወገባቸው ጎብጦ ከእንጦጦ ሲወርዱ ላየ፣ ዛፉ ዜግነቱን ያገኘው በማን ጀርባ እንደሆነ ግልጽ ነው።

የከተማዋ ውሃም በከፊል የመጣው ከዚሁ አቅጣጫ ነው። ከቡራዩ አጠገብ ያለው የገፈርሳ ግድብ ከጣሊያን ወረራ ዘመን ወዲህ ለአዲስ አበባ ውሃ ሲሰጥ ኖሯል። ከሰበታ በላይ በወጨጫ ተራራ ላይ ደግሞ የመናገሻ ሱባ ደን አለ። ትውፊት እንደሚለው አፄ ዘርዐ ያዕቆብ ከሰሜን ሸዋው ወፍ ዋሻ የጽድ ዘር አስመጥተው ያስተከሉት ነው። ትውፊት ማስረጃ አይደለም ቢባል እቀበላለሁ። ግን የአንድ አገር ሰው ለአንድ ደን ንጉሥ፣ የዘር ምንጭና የተከላ ታሪክ ካበጀለት፣ አትክልት መትከልን የመንግሥት ሥራ አድርጎ ይቆጥር ነበር ማለት ነው። ዛሬ በዚያው በሰበታ አካባቢ ሰፊ የላስቲክ ቤቶች ውስጥ የሚያድገው ጽጌረዳ በአውሮፕላን ተጭኖ ወደ ኔዘርላንድ ገበያ ይሄዳል። ዘር ወደ ወጨጫ ያስመጣ ንጉሥን ያነሣ ትውፊት ይህን ቢሰማ ሳይገርመው አይቀርም።

የቀረው ክርክር ከሁሉም የሚጠነክረው ነው፦ ሙዚየም የሚባለው ሥዕሉ ነው፤ ዛፍ ለማየት ጫካ ይኬዳል፤ ዛፉ ለሥዕሉ ማጀቢያ እንጂ ሌላ አይደለም። ይህን የሚል ሰው ፎቅ ላይ ያሉትን ሥዕሎች ልብ ብሎ አላያቸውም። ማርያምና ልጇ፣ ጊዮርጊስና ፈረሱ የተሣሉት ተጠርቦ በተስተካከለ የእንጨት ገበታ ላይ ነው። ሠዓሊው ቀለም ከመበጥበጡ በፊት አንድ ሰው ዛፍ መርጧል፣ ቆርጧል፣ አድርቋል። ዛፍ ለዚህ ሥዕል አካሉ ነው፤ ማጀቢያ የሚለው ስም አይመጥነውም። ስለዚህ ገነተ ልዑልን ስትጎበኙ ከዛፎቹ ጀምሩ። ፎቅ ስትደርሱ ደግሞ የአንዱን ሥዕል ጀርባ እንዲያሳዩዋችሁ ጠይቁ፤ እዚያ ያለው እንጨት ነው።