ዘር የሚያስቀምጡ ሳይንቲስቶች

አንድ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ሊያጠናው የመረጠው ነገር ዓይኑ እያየ ሲሞት ሥራው ምን ይሆናል? መቁጠር? ማከም? ወይስ መጮህ? የኮራል ሪፍ ተመራማሪዎች ይህ ጥያቄ የዕለት እንጀራቸው ከሆነ ቆይቷል።

ኮራል ድንጋይ ይመስላል እንጂ እንስሳ ነው። በሰውነቱ ውስጥ የሚኖሩ ጥቃቅን አልጌዎች ከፀሐይ ብርሃን ምግብ እየሠሩ ይቀልቡታል፤ የሚያምር ቀለሙንም ያገኘው ከእነሱ ነው። የባሕሩ ውኃ በሞቃቱ ወራት ከተለመደው በአንድ ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ ለሳምንታት ከቆየ ግን አልጌዎቹን ያስወጣና ይነጣል። ሙቀቱ ቶሎ ካልበረደ ይራባል፤ ከዚያም ይሞታል።

ኦቭ ሆግ-ጉልድበርግ የተባሉት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተሙት ጥናት፣ ይህ ንጣት በጥቂት አሥርት ዓመታት ውስጥ በየዓመቱ የሚመጣ ነገር ሊሆን እንደሚችል አስጠነቀቁ። አጋነኑ ተባሉ። እ.ኤ.አ. በ2016 ፕሮፌሰር ቴሪ ሂውዝና ባልደረቦቻቸው 2,300 ኪሎ ሜትር የሚረዝመውን የአውስትራሊያ ታላቁን ባሪየር ሪፍ በአውሮፕላንና በሄሊኮፕተር አሰሱ። ካዩዋቸው 911 ሪፎች ውስጥ ንጣቱ ያልነካቸው 7 በመቶው ብቻ ነበሩ። ሂውዝ ውጤቱን ለተማሪዎቻቸው አሳይተው አብረው እንዳለቀሱ በትዊተር ጻፉ። ንጣቱ በ2017፣ በ2020፣ በ2022 እና በ2024 ተመልሶ መጣ። የአካባቢው የቱሪዝም ነጋዴዎች ደግሞ ወሬው ገበያችንን ዘጋው ብለው አማረሩ።

በሃዋይ ትሠራ የነበረችው ሩት ጌትስ ሌላ ጥያቄ ያዘች። ጎን ለጎን ከበቀሉ ሁለት ኮራሎች አንዱ ሲነጣ ሌላው ለምን ይተርፋል? የተረፉትን እየመረጡ ማዳቀል ቢቻልስ? ከአውስትራሊያዋ ተመራማሪ ማዴሊን ቫን ኦፐን ጋር ይህን ጀመረች። ጌትስ እ.ኤ.አ. በ2018 በ56 ዓመቷ ዐረፈች፤ ሥራው ግን ቀጥሏል።

ለዚህ ጥያቄ ተፈጥሮ ራሷ መልስ የሰጠችበት ቦታ ያለ ይመስላል፤ ለእኛ አገርም ሩቅ አይደለም። በሰሜን ቀይ ባሕር፣ በአቃባ ባሕረ ሰላጤ ያሉ ኮራሎች በሙከራ ሲፈተኑ ከለመዱት በብዙ ዲግሪ የሚበልጥ ሙቀት ችለዋል። በኢላት የሚሠሩት ማኦዝ ፋይንና ባልደረቦቻቸው ምክንያቱን እንዲህ ያስረዳሉ፦ ከመጨረሻው የበረዶ ዘመን በኋላ የኮራል እጮች ወደ ቀይ ባሕር የተመለሱት በባብ ኤል መንደብ በኩል ነው። በደቡቡ የጋለ ውኃ ውስጥ አልፈው ሰሜን የደረሱት ሙቀት የቻሉት ብቻ ነበሩ። ባብ ኤል መንደብ ሲባል ዛሬ የሚታወሰው መርከብና ሚሳይል ነው። ለእነዚህ ተመራማሪዎች ግን የሕይወት ወንፊት ነው።

የሚቆጥሩትን ተስፋ አስቆራጭ፣ የሚያዳቅሉትን የሐሰት ተስፋ ሻጭ የሚሉ አሉ። በገንዳ ኮራል አራብቶ ውቅያኖስ አይዳንም የሚለው ትችት እውነት አለው። ነገር ግን ጎተራው ምን ያህል እንደጎደለ የማይቆጥር ገበሬ ዘር ማስቀመጥ እንዳለበት በምን ያውቃል? ብልህ ገበሬ በድርቅ ዘመን እየተራበም ቢሆን ዘሩን አይበላም። ተመራማሪዎቹ የሚሠሩት ይህንኑ ነው።

ዘር ማስቀመጥ ግን ዝናብ አያመጣም። ባሕሩን የሚያሞቀው ከድንጋይ ከሰል፣ ከነዳጅና ከጋዝ የሚወጣው ጭስ ነው። እሱን መቀነስ የጠላቂዎቹ ሥራ አይደለም፤ የመንግሥታትና የኩባንያዎች ነው። እነሱ ድርሻቸውን ካልተወጡ ዘሩ ማሳ ሳያገኝ ይቀራል።