ሐኪሙን ማስፈራሪያ አናድርገው

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ የሰንበት ትምህርት ቤታችን ወጣቶችና ምእመናን፤ በየቤታችን ልጅ ሲያስቸግር የሚነገር አንድ ዛቻ አለ። «ዝም ካላልህ ሐኪም ቤት ወስጄ መርፌ አስወጋሃለሁ» የሚል ነው። በታክሲ ውስጥ ይሰማል፤ በእራት ሰዓት ይሰማል፤ ሕፃናት ሲሯሯጡ በቤተ ክርስቲያን ዐጸድ ውስጥ እንኳ ይሰማል። ልጁ ለጊዜው ዝም ይላል፤ ቃሉ ግን በልቡ ተቀምጦ ይቆይና ጥርሱን የታመመ ዕለት ይነሣል። ያን ጊዜ ሐኪሙ ለዘመናት ሲዛትበት የኖረው ቅጣት ሆኖ ይታየዋል።

ይህን ርእስ ያነሣሁት በኮልፌ ቀራንዮ በሕፃናት ክፍል ከማስተምራቸው ልጆች በአንዱ ምክንያት ነው። ዕድሜው ሰባት ዓመት ነው። ድምፁ ከጓደኞቹ ሁሉ ጎልቶ ይሰማ ነበር። ባለፈው ዓመት ግን መዝሙር ሲዘመር አፉን በእጁ መሸፈን ጀመረ፤ ቆይቶም ጨርሶ ዝም አለ። እናቱን ብጠይቃቸው የታችኛው መንጋጋ ጥርሱ ተቦርቡሮ በግራ በኩል ማኘክ እንደተወ፣ ሌሊትም እየነቃ እንደሚያለቅስ ነገሩኝ። ከዚያ በፊት ዘመዶቹ ወደ አንድ ክሊኒክ ወስደውት ነበር። ከቤት ሲወጣ «ኬክ ልንበላ ነው» ተብሎ ነበር። እዚያ ሲደርስ ምን እንደሚደረግለት ማንም ሳይነግረው ሦስት ሰዎች ይዘው አፉን በግድ አስከፈቱት። ከዚያ ወዲህ ነጭ ጋዋን የለበሰ ሰው ባየ ቁጥር ይሸሻል። ከቤቴል ወደ አየር ጤና ሲሄዱ የጥርስ ሥዕል ያለበት ማስታወቂያ ካየ የእናቱን ነጠላ ጨብጦ ፊቱን ያዞራል።

ጎረቤቶች «የወተት ጥርስ አይደል? ይወልቃል» እያሉ ያጽናኗቸው ነበር። ይህ ማጽናኛ ብዙ ልጆችን ጎድቷል። የወተት ጥርሶች 20 ናቸው። አብዛኛውን ጊዜ በ6 ወር ገደማ መብቀል ይጀምሩና በ3 ዓመት ገደማ ይሟላሉ። የመጨረሻዎቹ መንጋጋዎች ግን እስከ 10 ወይም 12 ዓመት ድረስ ያገለግላሉ፤ ለቋሚው ጥርስም ቦታ ይጠብቃሉ። ተቦርቡረው ሥራቸው ድረስ ከታመሙ መግል ይቋጥራሉ፤ ፊት ያብጣል፤ ከሥር የሚጠባበቀው ቋሚ ጥርስም ሊጎዳ ይችላል። በ6 ዓመት ገደማ ደግሞ ምንም ጥርስ ሳይወልቅ ከወተት ጥርሶች በስተኋላ ቋሚ መንጋጋ ይበቅላል። ብዙ ወላጅ የወተት ጥርስ መስሎት ሳይጠነቀቅለት ይቀራል።

የልጁን ፍርሃት ለመረዳት የእኛን የታላላቆቹን ፍርሃት ማየት ያስፈልጋል። በአገራችን የጥርስ ነገር ለብዙ ዘመን ከስለትና ከጉጠት ጋር ተያይዞ ኖሯል። ሕፃን ሲያተኩሰውና ሲያስቀምጠው «ግግ ነው» እየተባለ ድዱ በስለት ይቆረጥ ነበር፤ ይህ ጎጂ ልማድ ዛሬም ፈጽሞ አልጠፋም። ብዙ ወላጅም የጥርስ ሐኪምን የሚያውቀው ሥቃዩ ሲበረታ ጥርሱን ሊያስነቅል ሄዶ ነው። ልጅ ደግሞ የወላጁን ፊት ያነባል፤ የእናቱ እጅ ሲንቀጠቀጥ የእርሱም ልብ ይንቀጠቀጣል።

በዚያ ሰሞን ለሕፃናት ክፍል የማስተምረው የኢያኢሮስን ልጅ ታሪክ ነበር፤ በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 5 ይገኛል። ጌታችን በዚያ ቤት ያደረገውን በቅደም ተከተል ስናይ እናስተውላለን። የሚጮኹትንና የሚያፌዙትን አስወጣ፤ አባቷንና እናቷን ግን ከእርሱ ጋር አስገባ፤ የልጅቷን እጅ ያዘ፤ በምታውቀው ቋንቋ ተናገራት፤ ከተነሣች በኋላም የምትበላው እንዲሰጧት አዘዘ። ሞትን ድል የሚያደርግ ጌታ ለአንዲት የ12 ዓመት ልጅ ይህን ያህል ከተጠነቀቀ፣ እኛ ልጅን ይዘን ወደ ሐኪም ስንሄድ ልንከተለው የሚገባንን መንገድ አሳይቶናል።

ከእናቱ ጋር ተመካክረን በመጀመሪያ አንድ ነገር ወሰንን፤ ለልጁ አንዋሽም። «ምንም አያምምህም» አላልነውም። አስቀድመን ሐኪሟን አነጋገርናቸውና የተስማማንበትን ብቻ ነገርነው፦ «በትንሽ መስታወት ጥርስህን ያያሉ። የሚያምም ነገር ካለ ቀድመው ይነግሩሃል። እጅህን ካነሣህ ያቆማሉ።» በቤት ውስጥ እርሱ ሐኪም፣ እኔ ታማሚ ሆነን ተጫወትን፤ በእናቱ መስታወት እያየ ጥርሶቼን ቆጠረ። በመጀመሪያው ቀጠሮ ሐኪሟ ወንበሩን ከፍና ዝቅ አድርገው አሳዩት፤ ጥርሶቹን ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ቆጠሩለት፤ በዚያው ሸኙት። ይህ አሠራር በሕፃናት የጥርስ ሕክምና ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1959 ጀምሮ በጽሑፍ የታወቀ ሲሆን ሦስት ደረጃዎች አሉት፤ መንገር፣ ማሳየት፣ ከዚያም ማድረግ።

በሁለተኛው ቀጠሮ ልጁ አማትቦ ወንበሩ ላይ ወጣ። እናቱ እጁን ያዙት። የማደንዘዣው መርፌ ሲገባ አለቀሰ፤ «ወንድ ልጅ አያለቅስም» ያለው ግን አልነበረም። ሁለት ጊዜ እጁን አነሣ፤ ሐኪሟም ሁለት ጊዜ አቆሙ። ከመርፌው ይልቅ ያስገረመው ይህ ይመስለኛል፤ የተነገረው ቃል ተጠበቀለት። ጥርሱ ከተነቀለ በኋላ በጨርቅ ተጠቅልሎ እንዲሰጠው ለመነ፤ ቤቱ ሲደርስም እንደ ልጆች ሁሉ ወደ ቆርቆሮው ጣሪያ ወረወረው። መዝሙሩን ወዲያው አልጀመረም። ለሦስተኛው ቀጠሮ ግን በክሊኒኩ በር ከእናቱ ቀድሞ ገባ።

ወላጆች ሆይ፣ ልጆቻችሁን ሕመም ሳይጀምራቸው ለሐኪም አሳዩ፤ የመጀመሪያው ጉብኝት አንድ ዓመት ሳይሞላቸው ቢሆን መልካም ነው። ቀጠሮውን ልጁ እንቅልፍ ጠግቦ በሚነቃበት በጠዋት አድርጉት። እናንተ ራሳችሁ የምትፈሩ ከሆነ፣ የሚረጋጋ አክስት ወይም አጎት ይሂድለት። በፍሎራይድ የጥርስ ሳሙና በተለይ ማታ ከመተኛቱ በፊት ቦርሹለት፤ ከ3 እስከ 6 ዓመት ላለ ልጅ የአተር ፍሬ የምታህል ሳሙና ትበቃለች። ለማባበያም ከረሜላ አትስጡት፤ ያመጣው እርሱ ነውና።

«ጸሎትና ጠበል እያለ» የሚሉም አይጠፉም። መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ሐኪምን እንድናከብር ያስተምራል፤ እርሱንም የፈጠረው እግዚአብሔር ነውና። ቤተ ክርስቲያናችንም ኅዳር 22 ቀን የምታስባቸው ቅዱሳን ቆዝሞስና ድምያኖስ ያለ ዋጋ ሕሙማንን ያክሙ የነበሩ ሐኪሞች ናቸው። ልጁ በጠበል ተባርኮ፣ አማትቦ ወደ ሐኪም ቢሄድ እምነቱም ሕክምናውም አብረው ይሄዳሉ።

እኛም የሰንበት ትምህርት ቤት አገልጋዮች ድርሻ አለን። በግቢ ጉባኤ አብረውን የሚያገለግሉ፣ ጥርስ ሕክምና የሚማሩ ወንድሞችና እኅቶች አሉ። በዓመት አንድ ቀን ወደ ሕፃናት ክፍል መጥተው መስታወታቸውን ቢያሳዩ፣ ጥርስ ቢቆጥሩ፣ ልጆቹም ሐኪምን ከሕመም በፊት በሰላም ቀን ቢያውቁት ብዙ እንባ ይቀራል። ከዛሬ ጀምሮ ግን ሁላችንም ያለ ገንዘብ ልናደርገው የምንችለው ነገር አለ፤ «መርፌ አስወጋሃለሁ» የሚለውን ቃል ከአንደበታችን እናስወግድ።

ልዑል እግዚአብሔር ሕፃናቶቻችንን በጤና ያሳድግልን፤ ለእኛም የታመነ አንደበት ይስጠን። አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።